የልደት ዓመትን ተቀብለው ዕድሜና ትውልድ የሚነግሩ ማስያዎች፦ የቱ ውጤታቸው ይታመናል?

የልደት ዓመት ሲያስገቡላቸው ዕድሜንና ትውልድን የሚነግሩ ማስያዎች እንደ አሸን ፈልተዋል። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው ያው ሁለት ነው፤ መቀነስና ስም ማውጣት። መቀነሱ በትንሽ ጥንቃቄ ይታመናል። ስም ማውጣቱ ግን ከሚመስለው በላይ ልቅ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ማስያዎቹም የሚሠሩት በዚሁ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይቀየር ከገባ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያብጣል።)

ዓመት ብቻ ጠይቆ አንድ ቁጥር የሚያወጣ ማስያ ከመጀመሪያው ወድቋል። በ1990 የተወለደ ሰው በ2025 ልደቱ ካለፈ 35፣ ካላለፈ 34 ነው። ደህናው ማስያ ሁለቱንም ያሳያል፤ አለዚያ ወርና ቀን ይጠይቃል።

ወርና ቀን የሚቀበሉትም ሳይፈተኑ አይታመኑም። ዛሬ ልክ አንድ ዓመት የሚሞላውን ቀን ያስገቡ። በመካከሉ ፌብሩዋሪ 29 ሳይኖር 0 ካለ፣ የቀኖቹን ብዛት ለ365.25 እያካፈለ ነው፤ 365 ቀን ሲካፈል ከ1 በጥቂቱ ያንስና ክፍልፋዩ ተቆርጦ 0 ይቀራል። ለ365 የሚያካፍለው ደግሞ ይቸኩላል። በ40 ዓመት ውስጥ 10 ተጨማሪ ቀኖች ስለሚገቡ ሰውየውን ከልደቱ 10 ቀን ቀድሞ 40 ያደርገዋል። ስለዚህ የዛሬ 5 ቀን 40 የሚሞላውን ሰው ልደት ያስገቡ፤ መልሱ 39 መሆን አለበት። በፌብሩዋሪ 29 ለተወለደ ሰው ዕድሜው የሚጨምረው ፌብሩዋሪ 28 ነው ወይስ ማርች 1? ይህ የሕግ ምርጫ ነው፤ የማስያው ጥፋት የቱን እንደያዘ አለመናገሩ ነው። ያስገቡት ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከታየ ደግሞ የሰዓት ክልል ስህተት ነውና ሌላ ይፈልጉ።

ኤክሴል ያለው ሰው እነዚህን ሁሉ ሊተዋቸው ይችላል። ዴትዲፍ (DATEDIF) የሚባለው ቀመር ሙሉ ዓመታትን በደንብ ይቆጥራል። ቀሪ ቀኖችን የሚሰጠውን አማራጩን ግን ራሱ ማይክሮሶፍት አይመክረውም። ዓመቱን በአራት አኃዝ ይጻፉ፤ «28» ብለው ከጻፉ 1928ን ሳይሆን 2028ን ሊወስድ ይችላል።

ወደ ትውልዱ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ የሚገለብጡት የአሜሪካውን የፒው የምርምር ማዕከል ሰንጠረዥ ነው፦ ቤቢ ቡመር ከ1946 እስከ 1964፣ ጄን ኤክስ እስከ 1980፣ ሚሌኒያል እስከ 1996፣ ጄን ዚ እስከ 2012። ከጄን ዚ ቀጥሎ ያለውን ትውልድ፣ አልፋን፣ ሲጨምሩ ግን ከ2010 እስከ 2024 የሚለውን የአውስትራሊያውን የምርምር ድርጅት የማክሪንድልን አከፋፈል ይቀጥላሉ። ሁለቱ ስለማይገጥሙ በ2011 የተወለደ ልጅ አንዱ ማስያ ላይ ጄን ዚ፣ ሌላው ላይ አልፋ ይሆናል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ወሰኑን የጻፈ ግን ብርቅ ነው።

ከእነዚህ ስሞች በወሊድ ቁጥር ላይ የቆመው ቤቢ ቡመር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የወሊድ ቁጥር አሻቅቦ ቆይቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወረደ። ሌሎቹ ወሰኖች በስምምነት የተሰመሩ ናቸው። በዲሴምበር 1996 እና በጃንዩወሪ 1997 በተወለዱ ሁለት ሰዎች መካከል የጸባይ ልዩነት የሚዘረዝር ማስያ ከኮከብ ቆጠራ አይሻልም። የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁሩ ካርል ማንሃይም በ1928 ባሳተመው ጽሑፉ በአንድ ዘመን መወለድ ብቻውን ትውልድ እንደማያደርግና የጋራ ታሪካዊ ገጠመኝ እንደሚያስፈልግ አስረድቷል። ፒውም ራሱ በ2023 እነዚህን ስሞች ከዚያ በኋላ በቁጥብነት እንደሚጠቀምባቸው አስታውቋል። አንዱ ምክንያት የዛሬ ወጣቶች ከአረጋውያን የሚለዩት በትውልዳቸው ይሁን ገና ወጣት በመሆናቸው የአንድ ጊዜ መጠይቅ ሊለየው ስለማይችል ነው። ለዚያ የዛሬውን የ25 ዓመት ሰው ከቀደመው ትውልድ የ25 ዓመት ሰው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ማስያ የለም።

ሁለቱን ፈተናዎች ያለፈና የትውልዱን ወሰን በግልጽ የጻፈ ማስያ ካገኙ ይጠቀሙበት። ለስሌቱ ከቀን፣ ከወርና ከዓመት ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል ካልሰጣችሁ ውጤት አላሳይም የሚለውን ይዝጉት።