ቻይና፣ ጓንዡ ለምትወልዱ እህቶቼ፦ እኚህን እናት ያዙ

ልጄ ትናንት ሁለት ወር ሞላው። እጄ እስኪፈታ ነው እንጂ ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ሐምሌ ላይ ነው እዚሁ ጓንዡ የወለድኩት። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሌሊትም ያልባል። እናቴ ቪዛ ዘግይቶባት አልደረሰችልኝም። ቻይኖች አራስነቱን "ወር መቀመጥ" ይሉታል። አራስ የምታርሰዋ ሴት ደግሞ "ዩዌሳዎ" ትባላለች፤ እያበሰለች፣ ሕፃኑን እያጠበች ወሩን አብራችሁ ትኖራለች።

መጀመሪያ የተላከችልኝ ሴት አስለቅሳኛለች። አሳማ አልበላም ብዬ ሦስቴ ነግሬአት፣ በአራተኛው ቀን የአሳማ እግር በዝንጅብልና በጣፋጭ ኮምጣጤ ቀቅላ አቀረበችልኝ። እዚህ የአራስ ምግብ ይኸው ነው፣ አለቀ! ዝንጅብል የሌለበት ነገር አይቀርብልኝም ነበር። አፌ ቆሰለ፣ ሆዴ ደረቀ። ስነግራት "አራስ መሞቅ አለባት" ብላ ጭራሽ ጨመረችበት። የላካት ቢሮ ጋ ብደውል "ልማዱ ነው" አሉኝ። ብሬንም አልመለሱልኝ።

ከዚያ አንዲት እዚሁ ጓንዡ ሲያዎቤይ ሰፈር የምትኖር እህት አዪን ጠቆመችኝ። "አዪ" እንደ እኛ "እትዬ" ነው።

የመጡበትን ቀን አልረሳውም። ማድቤት አልገቡም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምላሴን አዩ፤ እንቅልፌን፣ ላቤን፣ ሆዴን ጠየቁ። ከዚያ በስልኩ አስተርጓሚ "ልጄ፣ አገርሽ አራስ ምን ትበላለች?" አሉኝ። እንባዬ መጣ። ስለ ገንፎው፣ ስለ አጥሚቱ፣ ስለ አብሹ ነገርኳቸው። በወረቀት ጻፉት።

እሳቸው እንደሚሉት በቻይኖች ባህላዊ ሕክምና ምግብ ሁሉ ጠባይ አለው፦ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ መካከለኛ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ። ሳህኑ ላይ ያለውን ሙቀት ማለታቸው አይደለም፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ነው። ዝንጅብልና የበግ ሥጋ ያሞቃሉ፤ ሐብሐብና ኪያር ያቀዘቅዛሉ። አምስት ጣዕምም አለ፤ ኮምጣጣው ከጉበት፣ ጨዋማው ከኩላሊት ጋር ይገናኛል ሲሉ እኔ ጠፋሁ። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ምግብ የሚመረጠው ሰውየው፣ ወቅቱና ቦታው ታይቶ ነው። "አራስ ትሙቅ የሚለው እውነት ነው" አሉኝ፣ "ግን አንቺ በሐምሌ፣ በጓንዡ ነሽ፤ ዝንጅብሉም በዝቶብሻል።" ከ1,300 ዓመት በፊት የነበረው ሐኪም ሱን ሲሚያዎም በሽታን አስቀድሞ በምግብ ማከም፣ ካልሆነ ወደ መድኃኒት መሄድ ይል ነበር አሉ።

ዝንጅብሉን ቀነሱልኝ። ሩዝ እስኪፈርስ ቀቅለው፣ ቦዬያችንን የሚመስል ሥር እየጨመሩ እንደ ሙቅ አጠጡኝ። ዶሮ በቀይ ቴምር፣ በእንፋሎት የበሰለ ፒር የሚባል ፍሬ። አሳማ ደጄን አልረገጠም። በሳምንቱ አፌ ዳነ፣ ሆዴም ተስተካከለ። ሐኪም ያዘዘልኝን የደም ማነስ ክኒን ደግሞ ማታ ማታ "ዋጥሽ?" ይሉኝ ነበር። ምግቡ ይበቃል ብለው አላስተዉኝም።

እናቴ በሰው የአጃ ዱቄት ላከችልኝ። አዪ በቪዲዮ ከእሷ ተማሩና አጥሚት ሠሩልኝ። ትንሽ ቀጥኖ ነበር። ጨርሼ ጠጣሁት።

እህቶቼ፣ የምትወልዱ ካላችሁ ቶሎ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እስከ ኅዳር ተይዘዋል፣ አትዘግዩ። አዪ፣ ባለቤቴ ያነብልዎታል፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እንደ እናቴ ነው ያረሱኝ።