የ40 ሰዓት ከፍለን 9 ሰዓት የሠለጠንንበት ሥልጠና፦ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሰሜን ሸዋ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ለምታስተምሩ፣ በአስተዳደር ሥራ ላይ ለተሰማራችሁና የሥራ ክፍል ለምትመሩ ባልደረቦቼ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠ «የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና» ገንዘባችንንም ጊዜያችንንም ወስዶብናል። የዚያው ሥልጠና ማስታወቂያ ሰሞኑን ስሙንና ቀለሙን ለውጦ በቴሌግራም እንደገና መዞር ስለጀመረ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አዘጋጁን በስም አልጠራም፤ ስሙ ተቀይሯልና ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ልታውቁት የሚገባው አሠራሩን ነው።

ማስታወቂያው እንደሚለው ሥልጠናው 5 ቀን፣ በድምሩ 40 ሰዓት ይፈጃል። ለመምህራን የማስተማር ዘዴና የተማሪ ምዘና፣ ለአስተዳደር ሠራተኞች የባለጉዳይ አገልግሎትና የመዝገብ አያያዝ፣ ለኃላፊዎች ደግሞ አመራርና የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ሦስቱም በየራሳቸው ክፍልና በየራሳቸው አሠልጣኝ ይሰጣሉ ተብሏል፤ በማጠቃለያው «ለደረጃ ዕድገት የሚያገለግል» ሰርተፍኬት እንደሚገኝም ተጽፏል። ዋጋው 6,500 ብር ሆኖ እስከ ዓርብ ለሚከፍል 20 በመቶ ቅናሽ ስለነበረው 5,200 ብር አስገባሁ። ያቺ «እስከ ዓርብ» የምትል ቃል ሳላጣራ እንዳስከፈለችኝ አልክድም። ከመዝገብ ቤት የመጣች አንዲት እኅታችን ደግሞ የደረሳትን ዕቁብ ቀንሳ እንደከፈለች ኋላ ነግራኛለች።

በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢና ካፖርት ደራርበን ስንጠብቅ፣ አሠልጣኙ በዚያው ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትሩን አቋርጦ የደረሰው 5 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ክፍል የተባለው አንድ አዳራሽ፣ ሦስት አሠልጣኝ የተባለውም አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ የግዥ ባለሙያውና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ «ደንበኛ እርካታ» የተዘጋጀ ስላይድ ተመለከትን፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ውድ የባንካችን ሠራተኞች» የሚል ሰላምታ ሳይሰረዝ ቀርቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ረዳት ሌክቸረር ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ የትኛው ቅርንጫፍ ነን?» ሲለኝ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከ5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በኋላም ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለ3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ለ2 ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ አብዛኛው ጊዜ ያለቀውም በቡድን ተከፋፍለን በትልልቅ ወረቀት ላይ «የጥሩ መሪ ባሕርያት» ስንዘረዝር ነው። በሦስተኛው ቀን የቀረው ክፍል በኦንላይን እንደሚሰጥ ተነግሮን ተበተንን። በኦንላይን የመጣው አንድ ፋይል ብቻ ነበር፤ ያውም ያንኑ ስላይድ የያዘ። ስደምረው 9 ሰዓት ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የስም መቆጣጠሪያ ወረቀቱን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሻይ ላይ ሳለን አንዲት አስተባባሪ የአምስቱንም ቀናት የያዘ ወረቀት አዙራ «በየቀኑ እንዳንቸግራችሁ አሁኑኑ ፈርሙልን» አለችን። እኔ በየክፍሉ ገብቼ የተማሪ አቴንዳንስ የምይዝ ሰው፣ ገና ባልዋሉ አራት ቀናት ላይ ፈረምሁ። ገንዘባችን ይመለስልን ብለን በጽሑፍ ስንጠይቅ የመጣልን መልስ የዚያ ወረቀት ፎቶ ነበር፤ አምስት ቀን ተገኝታችሁ ፈርማችኋል፣ ስለዚህ ሥልጠናው ተሰጥቷል አሉን። በገዛ ፊርማችን ላይ ምን እንመልስ?

ሰርተፍኬቱም 40 ሰዓት ይላል። «ዓለም አቀፍ» የሚል ማኅተም ያለበትን የፈለገ ሌላ 1,500 ብር ይጨምራል፤ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ብጠይቅ ግን የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም። እኔ ወረቀቱን በግል ማኅደሬ ውስጥ አላስገባሁትም። ያላጠናሁትን 31 ሰዓት አጥንቻለሁ ብሎ ለመሥሪያ ቤት ማቅረብ ከተማሪ ኩረጃ የሚለይበት ነገር አይታየኝም፤ ነገ ቢጣራ የሚጠየቀውም አቅራቢው እንጂ ሻጩ አይደለም።

«ለደረጃ ዕድገት» የሚለው ተስፋም ቢሆን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የመምህር የማዕረግ ዕድገት የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ መሠረት ሲሆን፣ የሚመዘነውም በማስተማር ብቃት፣ በታተሙ የምርምር ሥራዎች፣ በማኅበረሰብ አገልግሎትና ለተቋሙ በሚሰጥ አገልግሎት ነው። የማስተማር ሙያ ሥልጠና ከተባለ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን የሚሠራበት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ሁላችንም ኤች ዲ ፒ የምንለው፣ አለ። ብዙዎቻችን ፖርትፎሊዮው በዛ፣ ጊዜ ፈጀ እያልን አማርረንበታል፤ እኔም ካማረሩት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በራስ ክፍል እየተሞከረ፣ የሥራ ባልደረባ ገብቶ እያየ፣ ምዘናን እያሻሻሉና የተግባር ምርምር እየሠሩ የሚዘለቅ ነውና በሁለት ቀን ስላይድ የሚተካ አይደለም። ኃላፊዎችም ቢሆኑ የሚያስቸግራቸው የሠራተኛን የሥራ አፈጻጸም በማስረጃ መሙላት፣ ቅሬታን በአግባቡ ሰምቶ መወሰንና የዲሲፕሊን ጉዳይን በሥርዓቱ መያዝ ነው። ቢ ፒ አር፣ ቢ ኤስ ሲና ካይዘን በሚባሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ማሻሻያዎች ዘመን በየአዳራሹ የተቀመጥን ሰዎች፣ ሥራ ላይ ካልተከታተሉት ሰው ከአዳራሽ ምን ይዞ እንደሚወጣ እናውቃለን። ከየዩኒቨርሲቲያችን የሕግና የማኔጅመንት ትምህርት ክፍሎች መምህራን ቢጋበዙ ከዚህ የተሻለ እንደሚሰጡን አልጠራጠርም።

አቤቱታችን የተደናቀፈው በደረሰኙ ነው። የከፈልነው በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ ብዙ ወትውተን ያገኘነው የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሆኖ ተገኘ፤ የተሸጠው ዕቃም «የሥልጠና ማቴሪያል» ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሆኖም ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ባለሙያው ወረቀቶቻችንን አገላብጦ «ሥልጠናውን የሸጠላችሁ ማን ነው? እዚህ ላይ ያለው እኮ ደብተር ሻጭ ነው» አለን። ትክክል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሰው ሀብት ክፍላችሁን ወይም የትምህርት ጥራት ቢሮውን «ይህ ሰርተፍኬት ይያዝልኛል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል መልስ ኋላ አይገኝም። የሰዓቱን ድልድል፣ የአሠልጣኞቹን ስምና የሙያ ልምድ፣ ሥልጠናው ቢጓደል የሚመለሰውን ገንዘብ የያዘ ውል አስፈርሙ። በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ካልሆነ አትክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ መሆኑንም ተመልከቱ፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተጠየቃችሁ ደረሰኙ ላይ ተለይቶ መታየት አለበት። አቴንዳንስ የምትፈርሙትም የዋላችሁበትን ቀን ብቻ ይሁን።

አዲሱ ማስታወቂያ ሸዋ ሮቢትንና መሐል ሜዳን ይጠራል፤ ሦስቱ የሥልጠና ዘርፎች፣ 40 ሰዓቱና «እስከ ዓርብ» የምትለዋ ቅናሽ እንዳሉ ናቸው። በታኅሣሡ ሥልጠና የተሳተፋችሁ ደግሞ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀታችሁን፣ የተሰጣችሁን ደረሰኝና የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ከስልካችሁ ሳታጠፉ አቆዩልኝ፤ በጋራ የምናቀርበውን አቤቱታ እንደገና እያዘጋጀን ነው፤ እስካሁን የፈረምነው 11 ሰዎች ነን።