የኑግ መመገቢያ ቱቦ፦ ለጎልድፊንችም ለሲስኪንም?

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጓሮዎች የሚሰቀለው ባለ ጠባብ ቀዳዳ የወፍ መመገቢያ ቱቦ የተሠራው ለኑግ ነው፤ አገራችን የምታመርተው ያው ኑግ። ዋናዎቹ ተመጋቢዎች ሁለት ዘመዳም ትንንሽ ወፎች ናቸው፦ አሜሪካን ጎልድፊንችና ፓይን ሲስኪን። በብርዱ ወራት ጎልድፊንቹ ደማቅ ቢጫ ላባውን ስለሚቀይር ይምታታሉ። ደረትና ምንቃር ማየት ግን ይበቃል። የጎልድፊንች ደረት ልሙጥ፣ ምንቃሩ አጭርና ወፈር ያለ ነው። ሲስኪን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቡናማ መስመር በመስመር ነው፤ ምንቃሩ ቀጭንና ሹል፣ የክንፉ ጠርዝ ላይ ቢጫ ጭረት አለው።

ቱቦው ለሁለቱም ይመቻል። ችግሩ ጠባያቸው ነው። ሲስኪን ትንሽ ቢሆንም ክንፉን ዘርግቶ፣ ምንቃሩን ከፍቶ ጎልድፊንቹን ከመቆሚያው ያባርረዋል። መንጋው ከመጣ ባለ አራት መቆሚያ ቱቦ አይበቃም፤ ሁለት ቱቦ አራርቆ መስቀል ይሻላል። ከጨርቅ መረብ የሚሠራው ከረጢት ርካሽ ነው፤ ግን ዝናብ ያርሰዋል፣ ቶሎም ይበሳል። አንመክረውም።

የቱቦው ትልቁ ጉድለት ታችኛው ክፍል ነው። ከመጨረሻው ቀዳዳ በታች የሚቀረውን ኑግ ወፍ አይደርስበትም፤ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ሊጥ ይጋገርና ይሻግታል። ስለዚህ ታቹ የሚፈታውን ይምረጡ፣ በሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሙሉ፣ በአሮጌው ላይ አዲስ አይጨምሩ።

ወፍ ካልቀረበ ቱቦውን ከመውቀስ በፊት ኑጉን ይፈትሹ። ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ አብሮት የመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል፤ ከዚያ በኋላ ሲቆይ ዘይቱ ይደርቃል። ጥቂት ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ በጥፍር ይደፍጥጡ፤ የዘይት ምልክት ካልተወ ጎልድፊንች አይነካውም።

ጽዳቱ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ብዙ ሲስኪኖች በሳልሞኔላ አልቀዋል፤ በሽታው በኩስ በተበከለ መመገቢያ ይተላለፋል። ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ እንዲሉ ጎልድፊንቹም አይተርፍም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ቱቦውን 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ ያለቅልቁ፣ ፍጹም ሲደርቅ ብቻ ይሙሉ። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰው ሲቀርበው የማይበር ወፍ ካዩ ቱቦውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያውርዱ። ከሥሩ የተጠራቀመውን ጥቁር ገለባም ይጥረጉ፤ ሲስኪኖች መሬት ወርደው ይለቅማሉ።