ባለ ክሮም ፋሻ በ3ኤል ሞተር ላይ፦ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

በ2.8 ሊትሩ የቶዮታ 3ኤል ናፍታ ሞተር ላይ ባለ ክሮም ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው የብረት ቀለበት) ከገባ 10 ወር ሆኖታል፤ 31,000 ኪሎ ሜትር ተሠርቶበታል። ድሮ በየ800 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት ይበላ የነበረ ሞተር፣ አሁን ከዘይት ቅየራ እስከ ዘይት ቅየራ፣ በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ሊትር እንኳ አይጠይቅም። የኮረኮንች አቧራ ለሚውጥ ሚኒባስ ከተራው ፋሻ ይልቅ ክሮሙ ይመረጣል፤ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላም።

ግን ፋሻ ከመግዛት በፊት ሲሊንደሩ ይለካ። አንዱን ፋሻ ብቻውን አስገብቶ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ በተገለበጠ ፒስተን መግፋት፤ ከዚያ የጫፎቹን ክፍተት ከላይም ከታችም በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በተጻፈባቸው ስስ የክፍተት መለኪያ ብረቶች) ማየት ነው። ልዩነቱ ለ3.14 ሲካፈል ሲሊንደሩ ላይ በኩል ምን ያህል እንደሰፋ ይታወቃል። የክፍተቱ ልዩነት 0.30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ ወደ 0.10 ደርሷል፤ እዚህ ላይ አዲስ ፋሻ ብር መጣል ነው፣ ሬቲፊካ (ሲሊንደር ወደሚሰፋበት ማሽን ቤት) ገብቶ የ0.50፣ ማለትም ከስታንዳርዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ፒስተን ከነፋሻው ይደረግለት። ለ96 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር፣ ታች ላይ ሲለካ 0.40 አካባቢ ክፍተት ይበቃዋል። ከጠበበ ፋሻው ሲግል ጫፎቹ ይገጥሙና ግድግዳውን ይፍቃሉ፣ ይሰበራልም።

የ0.50 ፋሻ በሞረድ አሳጥሮ ስታንዳርድ (ያልሰፋ) ሲሊንደር ውስጥ ማስገባት ግን በምንም መንገድ መደረግ የለበትም። ለመግጠም 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል መሞረድ አለበት፤ ያኔ ክቡ ከግድግዳው ጋር አይስማማም። ከሥር ባትሪ ቢበራ በፋሻው ዙሪያ ብርሃኑ ሾልኮ ይታያል። የተቃጠለው ጋዝ የሚወርደው፣ ዘይቱም የሚወጣው በዚያው ነው።

የክሮም ችግሩ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ቀስ ብሎ መላመዱ ነው። የተወለወለ ግድግዳ ላይ ጨርሶ አይላመድም፤ በ220 ቁጥር የመሞረጃ ድንጋይ ተፍቆ መስቀለኛ ጭረት መያዝ አለበት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ንጹሕ እስኪወጣ ይታጠብ። በናፍታ ብቻ ማጠብ የድንጋዩን ብናኝ ጭረቱ ውስጥ ይተወዋል፤ ያ ብናኝ አዲሱን ፋሻ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጨርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ 1,500 ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ዘይት ቢበላ አያስደነግጥም፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አስነስቶ ማቆየት ግን ይቅር።

ከላይ ሁለተኛው ፋሻ፣ ፊቱ ላይ ያለው ምልክት ወደ ላይ ይሁን። ከተገለበጠ ዘይቱን ወደ ታች በመጥረግ ፈንታ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ጭሱም ሰማያዊ ሆኖ ይቀጥላል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ጨሶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቫልቭ ጎማ (በቫልቩ ዘንግ በኩል ዘይት እንዳይወርድ የሚይዘው) ነው እንጂ የፋሻ አይደለም።