የልጆቼን የአባት ወገን ላገኘችልን የዶርሴት ቤተ መዛግብት ባለሙያ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ስሟ እንዳይጠቀስ ስለፈለገች አልጽፈውም። የምትሠራው በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርቼስተር ከተማ ባለው ዶርሴት ሂስትሪ ሴንተር ነው፤ የአካባቢው ቤተ መዛግብት ማለት ነው። የትዳር ጓደኛችሁ ወይም አያታችሁ ከዚያ አገር ከሆነ፣ ወደ ገጠሩ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ ግቡ።

ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እናቴ በስልክ አስጠንታቸዋለች። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚወራው ቤተሰቡ ዶርሴት ውስጥ ካለችው የቶልፑድል መንደር ብዙም ከማይርቅ ሌላ መንደር ተነሥቶ ለንደን መግባቱ ብቻ ነበር።

ቀጠሮ ስንይዝ መቃብር ላይ ብዙ ተስፋ እንዳንጥል ነገረችን። ድሃ የእርሻ ሠራተኛ ድንጋይ ማስቀረጽ አይችልም ነበር፤ በእንጨት ምልክት የተደረገለትም ቢሆን እንጨቱ በስብሷል። ስማቸው ያለው መዝገብ ላይ ነው። ከ1841ዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕዝብ ቆጠራ አስጀመረችን። በዚያ ቆጠራ የአዋቂዎች ዕድሜ ወደ ታች እየተጠጋጋ ስለተጻፈ፣ 35 የተባለው ሰው 39 ሊሆን ይችላል፤ ይህን ባትነግረን የሌላ ሰው ዘር ይዘን እንመለስ ነበር። ከዚያ ወደ አጥቢያው የጥምቀት መዝገብ አሻገረችን። ከ1813 ወዲህ ያለው የአባትን ሥራም ይናገራል። በየገጹ ያው ነው፦ የጉልበት ሠራተኛ።

ባለቤቴ ዝም ሲል አይታ ስለ ዘመኑ አጫወተችው። በ1834 የቶልፑድል ስድስት የእርሻ ሠራተኞች የሳምንት ደመወዛቸው ወደ 7 ሽልንግ ወርዶ ማኅበር ስላቋቋሙ፣ በምስጢር ቃለ መሐላ ፈጽማችኋል ተብለው እዚያው ዶርቼስተር ተፈረደባቸውና ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። የእሱ ወገኖች በዚያው ዘመን እዚያው አጠገብ ሲያርሱ ነበር። ይህን ስትነግረው ድምፅዋ ውስጥ አክብሮት ነበረ፤ በተለይ የማመሰግናት ለዚህ ነው።

ቤቱን ያገኘችልን በአሥራት ካርታ ነው። አሥራት በእህል መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲከፈል በ1836 ሕግ ሲወጣ፣ መሬቱ በቁራሽ በቁራሹ ተሥሎ ባለቤቱና የሚኖርበት ሰው ተመዝግቧል። ቁጥሩን በጣቷ አሳየችን፤ ከዛሬው የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ድርጅት) ካርታ ጋር አስተያይታም የምንሄድበትን የእግር መንገድ አመለከተችን። በካርታው ላይ በአረንጓዴ ሰረዝ የተመለከተ የእግር መንገድ የሰው እርሻ አቋርጦ ቢያልፍም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ቤቱ የለም፣ የቁጥቋጦ አጥርና ሣር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አለ። ቁልፉን የሚይዙት አዛውንት ከፍተውልን (እሳቸውንም እግዜር ይስጥልን) ልጆቼ የአባታቸው ወገኖች የተጠመቁበትን የድንጋይ ገንዳ በእጃቸው ዳሰሱት። ታናሿ የስማቸውን ተራ ያለ ስሕተት ጠራችው።

ለምትሄዱ፦ ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ፤ የምታውቁትን ስም፣ አጥቢያና ግምታዊ ዓመት ጽፋችሁ ላኩ። ከለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ወደ ዶርቼስተር ቀጥታ ባቡር አለ፤ ወደ መንደሮቹ ግን አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ታክሲ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እህታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆቼ በአባታቸውም በኩል ስድስት ቤት ደርሰዋል።