የራስዎን የሙከራ ምስል ለመሥራት የትኛው የቪዲዮ ሲግናል ጄኔሬተር ይሻላል?

የቪዲዮ ሲግናል ጄኔሬተር ስክሪን ለመፈተሽ የሙከራ ምስል የሚልክ መሣሪያ ነው። ከለር ባር የተባሉትን ባለ ቀለም ቋሚ መስመሮች ሁሉም ጄኔሬተር ያወጣል፤ በእርሱ ማወዳደር ለገዢ ብዙም አይረዳም። የዋጋው ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው የራስዎን ምስል ሲሠሩ ነው። ስቱዲዮ ለሚያደራጅ ወይም ትልልቅ ስክሪን ለሚያከራይ ሰው ሦስት መንገዶች አሉ፦ ምስሉን በራሱ ሜኑ የሚያስቀርጽ ጄኔሬተር፣ የተዘጋጀ ፋይል የሚቀበል ጄኔሬተር፣ ወይም ኮምፒውተር ከቪዲዮ ማውጫ መሣሪያ ጋር።

የመጀመሪያው ምስሉን በመስመር፣ በክብና በአራት ማዕዘን ያስገነባል። የሚያስቀምጠው የአሣሣሉን ትእዛዝ ስለሆነ ከ1920 በ1080 ወደ 3840 በ2160 ሲቀይሩ እንደ አዲስ ይሥለዋል፤ የአንድ ፒክስል መስመር የአንድ ፒክስል መስመር እንደሆነ ይቀራል። የብርሃን ደረጃውንም በቁጥር ይወስናሉ፦ በቴሌቪዥን ደረጃ በ8 ቢት (256 ደረጃ) ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ሲሆን በ10 ቢት (1024 ደረጃ) 64 እና 940 ነው። ስክሪን ለሚያስተካክል ባለሙያ ይህን የሚተካ የለም። ነገር ግን አርማ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ በሜኑ ልሥራ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ለዜና ግርጌ ጽሑፍ የምትጨነቁ ሁሉ ሁለተኛውን ምረጡ እላለሁ። የቀለም መረጃን ቀንሶ በሚልከው 4:2:0 በተባለ ሲግናል አራት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ። በሰማያዊ ላይ በቀይ የተጻፈ ደቃቅ ፊደል በዚህ ምክንያት ይደበዝዛል፤ «ቁ» እና «ቂ» የሚለዩት ደግሞ በአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የተሠራ ፋብሪካ ሠራሽ ምስል ይህን አያሳይዎትም። ገጹን ጊምፕ በተባለው ነፃ የምስል ማዘጋጃ ፕሮግራም ያዘጋጁና ምስሉን በማያበላሹት የፋይል ዓይነቶች፣ በቢኤምፒ (ቢትማፕ) ወይም በፒኤንጂ ያስቀምጡ። ጄፔግ ግን ቀለሙን ራሱ ስለሚያበላሽ ጥፋቱ የስክሪኑ ይሁን የፋይሉ አይታወቅም።

የፋይል መንገድ አንድ ገደብ አለው። ባለ 24 ቢት ቢትማፕ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገር ምስል በ3840 ፒክስል ስፋት ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ደረጃ 15 ፒክስል ይሰፋል፤ የሚታየው መስመር የስክሪኑ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ለ10 ቢት ሙከራ ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይመለሱ።

ኮምፒውተር በዋጋ ይቀላል፤ ተራ የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ግን አላምንም። የስክሪን ማጉያው፣ የሌሊት ብርሃን ማስተካከያውና የቀለም ፕሮፋይሉ ሳያስታውቁ ምስሉን ይለውጡታል። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙን ዳቪንቺ ሪዞልቭን ብላክማጂክ አልትራስቱዲዮ ሞኒተር 3ጂ ከተባለው የቪዲዮ ማውጫ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ይህን ችግር ያልፈዋል፤ መሣሪያው ስቱዲዮዎች በሚጠቀሙበት የኤስዲአይ መስመርም በኤችዲኤምአይም ያወጣል፣ 4ኬ ግን አያወጣም። ራስበሪ ፓይ 4 በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሙከራ ምስል ማውጫ ፕሮግራም ፒጄኔሬተርም ለቀለም ማስተካከያ ሥራ በቂ ነው።

ሳይከፍሉ በፊት ጥቁርና ነጭ ፒክስል የሚፈራረቁበት ምስል በፍላሽ ይዘው ሄደው ያስገቡ። ሰፋፊ ግራጫ ጥላ ካዩ መሣሪያው ምስሉን እያሳደገ ወይም እያሳነሰ ነውና ይተዉት። በሜኑ የሠሩትን ምስል መልሶ ወደ ፍላሽ የሚያስቀምጥ መሆኑንም ይጠይቁ፤ ካልሆነ መሣሪያው የተበላሸ ዕለት ሥራዎም አብሮ ይጠፋል።