እማዬን ይዤ ባሕር ዳር፦ አምስት ሌሊት በሦስት ሆቴል

ወንድሜ ካናዳ ከሄደ አስራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ሊመጣ ሲል አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ። «እማዬ እኔን ላብላ ብላ ምጣድ ሥር እንዳትቀመጥ።» ዳንግላ ቤታችን ከሆንን ይሄ የማይሞከር ነው። ልጇ መጥቶ እናቴ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ስለዚህ ባሕር ዳር ሆቴል ይዘን አምስት ሌሊት አብረን እንድናሳልፍ ተስማማን። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፋዩ እሱ፣ መራጯ እኔ ሆንኩ። «ምርጥ የሚባለውን ያዢ፣ ዋጋውን ለኔ ተይው» አለኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። ሆቴል ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አንሶላው ጥግ ነው። ጥጉ በደንብ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ከገባ፣ ያነጠፈችው ልጅ ሥራዋን ታውቃለች ማለት ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር አያለሁ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቼ አሸታለሁ።

እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ ስለነበር ጾመ ነቢያትን ይዛለች። የሆቴሎቹን ልክ የለካሁት በነዚህ በሁለቱ ነው፤ በእማዬ ጉልበትና በእማዬ ጾም።

የመጀመሪያው ሆቴል መሀል ከተማ ያለ፣ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። ስሙን አልጠራም። የተሰጠን ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንሶላው ነጭ፣ ጥጉ የተስተካከለ፣ ከአልጋው ሥር አቧራ የሚባል የለም። ሙቅ ውኃው ቧንቧውን እንደከፈትኩት መጣ። ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ በዘንባባ የተሰለፈውን መንገድ አየና «ባሕር ዳር!» ብሎ ጮኸ።

ችግሩ የመጣው ማታ ነው። እራት በልተን ወደ ክፍላችን ልንወጣ ስንል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቶሎ ተነሣ፤ አምፖሉ በራ፤ ሊፍቱ ግን አልተነሣም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ «ሊፍቱ ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም» አለን። እማዬ የደረጃውን ብረት ይዛ ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። ሦስተኛው ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ» አለች። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አምስተኛ ፎቅ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። አንድም ሠራተኛ ወንበር ይዞ አልተከተለንም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መብራት በየከተማው ይጠፋል። ሰው ግን አብሮ አይጠፋም።

ጠዋት ቁርስ ቡፌ ነበር። እንቁላሉ፣ ቋንጣ ፍርፍሩ፣ እርጎው፣ ኬኩ ተደርድሯል። የጾም ተብሎ የተለየው ዳቦ በማርማላታና የተቆረጠ ፓፓያ ነው። በታኅሣሥ፣ ያውም በጎጃም ምድር! አስተናጋጇ አንድ ፍርፍር አምጥታ «ይሄ በዘይት ነው» አለች። እማዬ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አደረገችው፤ ቅቤውን አወቀችው። ምንም ሳትናገር ሳህኑን አስቀምጣ ሻይዋን በዳቦ ጠጣች። ሁለተኛውንም ሌሊት ከፍለን ስለነበር አደርን። ሦስተኛውን ግን እዚያ አላደርንም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሒሳብ ሲመጣለት ይደነግጣል። ጥሩ የሚባሉት ሆቴሎች በስልክ የሚነግሯችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያልተደመረበት ነው። በላዩ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ለምሳሌ 10,000 ብር ካሏችሁ የምትከፍሉት 12,650 ብር ነው። «ተደምሮ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የነዋሪና የውጭ ዜጋ ዋጋ ለየብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ወንድሜ ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ሲያሳይ በነዋሪ ዋጋ አስተናግደውታል።

ከዚያ ባሕር ዳር ወዳለው ኩሪፍቱ ሪዞርት ሄድን። ስሙ የጣና ሰፈር ስም የሚመስላቸው አሉ። ኩሪፍቱ ቢሾፍቱ ያለ ሐይቅ ነው፤ ድርጅቱ የመጀመሪያውን ሪዞርት የሠራው እዚያ ስለሆነ ስሙን ይዞ ወደኛ መጣ። ባለቤቱ አቶ ታዲዮስ ጌታቸው አሜሪካ ቦስተን ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ በቦስተን ደይ ስፓ ጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው።

እኔን የገዛኝ ድንጋዩ ነው። ቤቶቹ የተገነቡት በድንጋይ ነው፤ ጣና ዳር፣ ዛፍ መሀል ተቀምጠዋል። የኛ ክፍል በሩ ከመሬት ጋር እኩል ነበር። ሊፍት የለም፤ አያስፈልግማ! እማዬ በሯን ከፍታ፣ ትንሽ በረንዳ አልፋ፣ ሣር ላይ ወጣች። ከሣሩ ማዶ ሐይቁ ነው።

የመጀመሪያውን ጠዋት አልረሳውም። አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እማዬ አልጋዋ ላይ የለችም። ደንግጬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ውዳሴ ማርያሟን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የታኅሣሥ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ውኃው ላይ ስስ ጭጋግ ነበር። ሁለት ታንኳ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ወገቡ ድረስ ይጠልቃል፤ ከሩቅ ሲታይ ቀዛፊው ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንደኛው ታንኳ የማገዶ እንጨት ተሸክሟል። እማዬ ቀና ሳትል «ይሄ የዘጌ ሰው ነው» አለች። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ለንግሥ ዘጌ ሄዳ ታውቃለች። ለአስራ አንድ ዓመት ስንናፍቀው የኖርነው ወሬ እዚያች በረንዳ ላይ ተጀመረ። ወንድሜም ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ። እስከ ሦስት ሰዓት ማንም አላስነሣንም።

እዚያው ስፓ እማዬን እግሯን አሳሸናት። መጀመሪያ «ምን በወጣኝ፣ በሰው እጅ!» ብላ ነበር። ልጅቷ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ፣ «እማማ፣ ሲያምዎት ይንገሩኝ» ብላ ጀመረች። እንደ ነርስ እጇን ስከታተል ነበር። ያበጠውን ጉልበት አልተጫነችም፤ ከባቱ ጀምራ ወደ ላይ በቀስታ ሄደች። ይሄንን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ልጅቷ ስትጨርስ እማዬ እጇን ይዛ መረቀቻት።

ርካሽ አይደለም። ኪሳችሁ ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢፈቅድ እንኳ ያቺን አንድ ሌሊት ለወላጅ አድርጓት እላለሁ። ክፍል ስትይዙ ግን «ከሐይቁ ዳር፣ ደረጃ የሌለው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ይህን ያልኩት እኔ ስለጠየቅሁ አግኝቼው ነው።

አምስተኛውን ሌሊት ያደርነው ሐይቁ ዳር ባለ ሌላ፣ አዲስ በሆነ ሆቴል ነው። የሱንም ስም ልተወው፤ ምክንያቱም «ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል» ብለው የሸጡልን ክፍል የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ነበር። አንገት ወደ ግራ አስግጎ ላየ ሰው፣ በሁለት ሕንፃ መሀል የመዳፍ ያህል ውኃ ይታያል። አጎበሩም ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ የተቀደደ አጎበር ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሄጄ ስነግራቸው ግን አልተከራከሩም፤ አዲስ አጎበር ይዘው መጡ።

ምግቡ ግን! ወጥ ቤታቸው ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። እማዬ እንደምትጾም ሲሰሙ ራሳቸው ወጥተው «ምን ልሥራልዎ?» ብለው ጠየቋት። ሱፍ ፍትፍት መጣ። ስልጆ መጣ፤ የሰናፍጩ ሽታ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። ተጋቢኖው በሸክላው ላይ እየተንተከተከ ቀረበ። ወንድሜ የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዞ ነበር፤ የጣና ዓሣ ሲናፍቅ ነው የኖረው። ዓሣውን ጨርሶ የእማዬን ስልጆ በእንጀራ ይጠርግ ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ስለ ስልጆ አዘገጃጀት ብዙ ሰዓት ተጫወቱ። ስለ ጣና ቅንጦት የሚጽፍ ሰው ብሆን እኚህን ሴት አስቀድም ነበር።

የጀልባ ጉዞውንም ያመቻቸልን የዚሁ ሆቴል ልጅ ነው። ሰው አስተያየት ሲጽፍ ይሄን ይዘለዋል፤ እንደኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ይህን ያልተነገራቸው ሴቶች እስከ ደሴቱ ድረስ ተጉዘው ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ልጁ ግን ገና ሳንጠይቀው «ከእናት ጋር ከሆናችሁ ወደ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላችኋል» አለን። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግን በቡና ዛፍ መሀል የሚያስኬድ ዳገት አለ። ልጁ ይህንንም ነገረን፤ ምርኩዝም ሰጠን። እማዬ አምስት ጊዜ አርፋ ደረሰች። የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ስታይ፣ እያንዳንዱን ቅዱስ በስሙ እየጠራች እጅ ነሣች።

አባታችን በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አምጥቶን ነበር። ግዮን ሆቴል ግቢ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አስቀምጦ ለስላሳ ገዛልን። አላደርንም፤ ለማደር የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ጠርሙሱን ቶሎ እንዳይጨርስ ወንድሜ በየመሀሉ እየከደነ ሲያስቀምጠው ትዝ ይለኛል። በመጨረሻው ማታ ይህን አነሣሁለት። እሱ የሚያስታውሰው ወንበሩን ነው። «እግሬ መሬት አይደርስም ነበር» አለ።

ወንድሜ ተመልሷል። ለሰኔ ደግሞ እህታችን ልትመጣ ነው። ሰኔ ዝናብ ነው፤ ጭጋጉ የጠዋት ብቻ አይሆንም። እኔ ግን ኩሪፍቱ ደውዬ ያቺን ደረጃ የሌላትን ክፍል ለሁለት ሌሊት ይዣለሁ። ለምሳ ስልጆ ወዳላቸው ሴትዮ እንሄዳለን። እማዬ ዛሬ ጠዋት «ሰናፍጭ ልውሰድላቸው?» ስትለኝ ነበር።